ሚዛን በአማን

«በአማን ነው ያለሁት» ብዬ በኢሞ ስነግራት እናቴ «ታዲያ በሐሰት ያለ ማን ነው?» አለችኝ። ዕድሜዋን ሙሉ ስታስቀድስ የኖረች ሴት ናት፤ «በአማን» ለእሷ በግእዝ «በእውነት» ማለት ነው እንጂ የዐረብ ከተማ አይደለም። እህቴ ያለችበት ከተማ ስም መሆኑን አስረዳኋት። የዮርዳኖስ ወንዝ ያለበት አገር ነው ስላት ደግሞ ሌላው ወሬ ሁሉ ቀረና ጸበል አዘዘችኝ።

ከተማው በኮረብታ ላይ የተሠራ ነው። ኮረብታውን ሁሉ «ጀበል» ይሉታል፤ ተራራ ማለታቸው ነው። ጀበል አማን፣ ጀበል ሉወይብዴ፣ ጀበል አልሑሴን እያሉ ሰፈር ይጠሩበታል። እኔ እንግዲህ ከእንጦጦ ግርጌ፣ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ተወልጄ እዚያው ጡረታ የወጣሁ አስተማሪ ነኝ። ዳገት አይቶ የሚደነግጥ ዓይን የለኝም። «ተራራው የቱ ጋ ነው?» ብዬ እህቴን ብጠይቃት «ጋሽዬ፣ ላዩ ላይ ነው የቆምከው» አለችኝ። አናቱ አንድ ሺህ ሜትር ግድም ነው፤ የእኛ እንጦጦ ከ3000 ያልፋል። ይህን በልቤ ይዤ፣ ደረቴን ነፍቼ፣ ከታችኛው መንገድ ወደ ላይኛው የሚያሻግረውን የድንጋይ ደረጃ ተያያዝኩት። ግማሹ ላይ ስደርስ እስትንፋሴ ከዳኝ። 3000ውን ለማንም አላነሳሁም።

ደግሞ ነጭነቱ! ቤቱ ሁሉ በነጭ ድንጋይ የተለበጠ ነው፤ እኩለ ቀን ላይ ዓይን ያጭበረብራል። የሚያምር ያምራል። ግን አፍንጫዬ የሚፈልገውን አጣ። ሰፈሬ ጠዋት የሚነቃው በባሕር ዛፍ ቅጠል ጢስ ነው፤ አንዷ ጎረቤት ምጣድ ጥዳ እንጀራ ስትጋግር መንደሩ ሁሉ ያሸታል። እዚህ መስኮት ከፍቼ ብጠብቅ ብጠብቅ የመጣልኝ የመኪና ጭስና የተጠበሰ ዳቦ ብቻ ነው።

በሁለተኛው ቀን ማለዳ ከመንገዱ ሙዚቃ ሰማሁ። ፒያኖ የሚማሩ ልጆች የሚደጋግሙት ዓይነት ዜማ ነው፤ ቀስ እያለ ይመጣል፣ ቀስ እያለ ይርቃል። ሠርግ መስሎኝ ሮጬ ወጣሁ። የጋዝ ሲሊንደር የጫነ ፒክአፕ! ዜማው የቤትሆቨን «ፉር ኤሊዘ» ነው። ጀርመናዊው የሙዚቃ ሊቅ አማን ገብቶ ጋዝ ይሸጣል። ያሳቀኝ ይሄ ነው፤ ያስናፈቀኝ ደግሞ የእኛዎቹ «ቆራሌው!» እና «ልዋጭ! ልዋጭ!» ናቸው። ምንም ማጉያ ሳይፈልጉ፣ በገዛ ጉሮሯቸው፣ ከኪዳነ ምሕረት ዳገት እስከ ታች ድልድይ የሚሰሙ።

ውኃው ግን ከቤቴ የወጣሁ እንዳይመስለኝ አደረገኝ። እዚህም ፈረቃ ነው። በሳምንት አንዴ ይመጣል፤ ያን ቀን ጣሪያ ላይ ያለው «ኸዛን» ይሞላል። ኸዛን ማለት የእኛው ሮቶ ነው። የቤቱ ልብስ የሚታጠበው፣ ወለሉ የሚወለወለው፣ ሴቶቹ የትም የማይሄዱት ያን ቀን ነው። ይህን የውኃ ቀን አስታውሱልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

እህቴ እዚህ አገር ከመጣች ዘጠኝ ዓመቷ ነው። የአንዲት ባልቴት ቤት ትሠራለች፤ አርብ ዕረፍቷ ነው። ከአራት የአገር ልጆች ጋር ተዋጥታ የተከራየቻት አንዲት ጠባብ ቤት አለች፤ ሳምንቱን ሙሉ ባዶ ትውልና አርብ ትሞላለች። ምጣድ ይጣዳል፣ ፀጉር ይሠራል፣ ቡና ይፈላል፣ ይለቀሳል፣ ይሳቃል። ቄጠማ ስለሌለ የፕላስቲክ ሣር ተነጥፏል። በየሳምንቱ ይታጠባል፤ በውኃው ቀን ማለት ነው።

እዚያው ሕንፃ፣ ከላያችን ባለው ፎቅ፣ አንዲት የዮርዳኖስ ተማሪ ትኖራለች። የምታጠናው ኦኩፔሽናል ቴራፒ የሚሉትን ሙያ ነው፤ በሽታ ወይም አደጋ የጎዳው ሰው መልበሱን፣ ማብሰሉን፣ መሥራቱን፣ መጫወቱን፣ የዕለት ኑሮውን መልሶ እንዲችል የሚያግዝ የሕክምና ዘርፍ። ዐረብኛው «ዒላጅ ወዚፊ» ይለዋል። «ዒላጅ» ሕክምና ነው፤ «ወዚፋ» ደግሞ በተራው ሰው አፍ ተቀጥሮ የሚሠራበት ሥራ ነው። የእህቴ ጓደኞች ልጅቷ ሥራ የምታስቀጥር መስሏቸው ለሁለት ወር ያህል ምሳ ሲጋብዟት ከርመዋል። አልተቀየመችም። እኔን «ዓምሞ» ትለኛለች፤ የቃሉ ፍቺ አጎት ነው፣ አነጋገሩ ግን የእኛው «ጋሼ» ነው።

ይህች ልጅ ወረቀት ይዛ ጎረቤት ለጎረቤት ትዞራለች። «ኢስቲብያን» ነው፤ መጠይቅ። የሚለካው የዕለት ተዕለት እንቅስቃሴ ሚዛንን ነው። ሥሩ ስዊድን ነው፤ ፔትራ ዋግማንና ካሪታ ሆካንሶን የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2014 አወጡት። መጀመሪያ 13 ጥያቄ ነበረው፤ በኋላ ተጣርቶ 11 ቀረ። ለእያንዳንዱ አራት ዓይነት መልስ አለ፤ «ፈጽሞ አልስማማም» ያለ 0፣ «በጣም እስማማለሁ» ያለ 3 ያገኛል። ሙሉው 33 ነው። ደስ ያለኝ ነገር ሰዓት አለመቁጠሩ ነው። ስንት ሰዓት ሠራህ፣ ስንት ሰዓት ተኛህ አይልም። ሥራህ፣ ቤትህ፣ ቤተሰብህ፣ መዝናኛህ፣ ዕረፍትህና እንቅልፍህ ለራስህ የተመጣጠነ ሆኖ ይሰማሃል ወይ ነው የሚለው። ዳኛው አንተው ነህ።

ሚዛኑን «ተዋዙን» ይሉታል። ከእኛው «ሚዛን» ጋር ሥሩ አንድ ነው፤ የገበያውን ሚዛንማ ያው «ሚዛን» ነው የሚሉት። የሾላ ገበያ ቅመም ሻጭ አማን መጥታ በዚህች አንድ ቃል ብቻ ሒሳቧን ትዘጋለች።

ለካ አንድን መጠይቅ ከቋንቋ ወደ ቋንቋ ማሻገር መዝገበ ቃላት ከፍቶ መጻፍ ብቻ አይደለም። ሁለት ሰዎች ለየብቻ ይተረጉሙታል፣ ትርጉሞቹ ይታረቃሉ፣ የመጀመሪያውን ጽሑፍ ያላየ ሌላ ሰው ደግሞ ወደ መጣበት ቋንቋ ይመልሰዋል፣ ዐዋቂዎች ተቀምጠው ይከራከሩበታል። ከዚያ በኋላ ነው ከ30 እስከ 40 ለሚሆኑ ሰዎች ተሰጥቶ የሚፈተነው። የሚፈተነው ሰውየው እንዳይመስላችሁ፤ ዐረፍተ ነገሩ ነው። ተማሪዋ ለትምህርቷ የምትለማመደው ይህን የመጨረሻውን ነው፤ አንብባ «ይህ ሲባል ምን መጣብሽ?» እያለች ትጠይቃለች። መልሱን ሁሉ ትጽፋለች። ስታስረዳኝ የታየኝ የየኔታ ጉባኤ ነው። መጽሐፍ ሲተረጎም «አንድም… አንድም…» እየተባለ ፍቺው እንደሚደረደር፣ የዚች ሕንፃ ሴቶችም ለስዊድኖቹ ወረቀት አንድም ሲሉ ሰንብተዋል።

ለምሳሌ መጠይቁ «በአንድ መደበኛ ሳምንት» የሚል አለው። አንዲት ጎረቤት «መደበኛ ማለት ውኃ የሚመጣበት ነው ወይስ ሳይመጣ የቀረበት?» ብላ ጠየቀቻት። ስቶክሆልም ላይ ይህ ጥያቄ ለማን ይመጣለታል?

ግዴታ የሆነብህን ነገር ለመሥራት በቂ ጊዜ አለህ ወይ የሚል ጥያቄም አለ። ዐረብኛው ለግዴታ «ዋጅባት» አለ። የአሥር ዓመት ልጅ እናቱ ስትጠየቅ አጠገቧ ተቀምጦ ሲሰማ «አለኝ፣ ጨርሻለሁ» አለ፤ ዋጅብ ለእሱ የቤት ሥራ ነው፣ ከትምህርት ቤት የሚሰጠው። ለእናቱ ግን ዋጅብ ማለት የሞተበትን ማስተዛዘን፣ የወለደችን መጠየቅ፣ ለዳረ ሰው እንኳን ደስ አለህ ማለት ነው። እኔ ደግሞ ቃሉ ሲተረጎምልኝ ቀጥታ ዕድሬ ጋ ሄድኩ። እኛ ዘንድ ግዴታ ስም ይጠራል፤ ለቅሶ ቤት ሳትደርስ ከቀረህ ትቀጣለህ። የዕድራችን ጸሐፊ ይህን መጠይቅ ቢያገኝ ቅጣቱን በነጥብ ያስብ ነበር እላለሁ።

ሌላ ጥያቄ ደግሞ ጉልበት በሚሰጥህና ጉልበት በሚወስድብህ ነገር መካከል ሚዛን አለህ ወይ ይላል። ለጉልበት የገባው ቃል «ጣቃ» ነው። ሦስተኛ ፎቅ ያሉት አዛውንት ጣቃን ሰምተው ጣሪያ ላይ ያለውን የፀሐይ ውኃ ማሞቂያ አሳዩዋት። አልተሳሳቱም፤ እሱም ጣቃ ነው።

የመጠይቁ ዐረብኛ «ፉስሓ» ነው፤ የመጽሐፉ፣ የዜናው ዐረብኛ። በቤት የሚነገረው «ዓምሚያ» ነው። ልዩነቱን እህቴ ስታስረዳኝ «ልክ ቄሱ በግእዝ እያዜሙ ሚስታቸውን በአማርኛ ጨው እንደሚጠይቋት» አለችኝ። እኔ አስተማሪው ከዚህ አላሻሽለውም። ሰው ጨውን በዓምሚያ እየጠየቀ ኖሮ ስለ ኑሮው በፉስሓ ሲጠየቅ ለጊዜው የሌላ ሰው ኑሮ ይመስለዋል።

አርብ ዕለት ተማሪዋ ቡና ልትጠጣ መጣች። እነሱም ቡና ጠጪ ናቸው፤ በትንሽ ሲኒ፣ ያለ ስኳር፣ ሄል የገባበት። ሄሉን ሄል ነው የሚሉት። በቃኝ ለማለት ሲኒዋን ወዝወዝ ማድረግ ያስፈልጋል። ይህን ሳላውቅ የባልቴቷ ልጅ ቤት ጨዋ መስዬ ሲኒዬን ቀጥ አድርጌ ይዤ አምስቴ ተቀድቶልኝ ሌሊቱን ሙሉ ጣሪያ ስቆጥር አድሬያለሁ። አሁን ተራው የሷ ሆነ። አቦሉን ጠጣችና ሲኒዋን ወዝወዝ አደረገች። እህቴ ተቀብላ ቶናውን ቀዳችላት። ግራ ገባት። ጠጥታ አሁንም ወዝወዝ። በረካው መጣ። «እዚህ ቤት በቃኝ የሚባለው በምንድን ነው?» አለች። ሴቶቹ በሳቅ ወደቁ።

ከዚያ ሙያዋ መጣባትና ወረቀቷን አወጣች። መጠይቁ የአካል፣ የማኅበራዊ፣ የአእምሮና የማረፍ እንቅስቃሴዎች ሚዛን አላቸው ወይ ይላል፤ ይህ የሦስት ሰዓት ቡና ከየትኛው ይመደብ? «ዕረፍት ነው» አለች አንዷ። «ለምትቆላውስ?» አለች ሌላይቱ፣ ምጣዱን እያነሳች። «ማኅበር ነው» «ወሬ ነው» «ሐኪም ቤት ነው፤ ያላለቀስኩበት አርብ የለም» ተባለ። ተማሪዋ ሁሉንም ጻፈችው። አራቱም ሣጥን ውስጥ የሚገባ ነገር ስታይ እንዲህ ደስ የሚላት መሆኑን አላወቅኩም ነበር።

እህቴ በዚህ መሐል «እኔንም ጠይቂኝ» አለች። ልጅቷ መልሱ ከፈተናው እንደማይገባ አስቀድማ ነገረቻት፤ መጠይቁ የሚሞከረው ዐረብኛ የአፍ መፍቻቸው በሆነ ሰዎች ላይ ነው። «ምን ቸገረኝ፣ ለጨዋታ» አለች እህቴ። ተጀመረ። እየመለሰች ሄዳ አንዱ ጥያቄ ላይ ደረሱ፦ ለሌሎች በምሠራውና ለራሴ በምሠራው መካከል ሚዛን አለኝ። «በጣም እስማማለሁ» አለች፣ ሳታመነታ። ሦስት ነጥብ።

ተማሪዋ እርሳሷን አቆመች። ስድስት ቀን ሙሉ የሰው ቤት የምታጸዳ፣ ደመወዟን ወደ አገር ቤት የምትልክ ሴት እንዴት ለራሷ ከበቂ በላይ አደረገች? «ለራስሽ የምታደርጊውን እስቲ ንገሪኝ» አለቻት። እህቴ ጣቷን እያጠፈች ቆጠረች፤ የእማዬ መድኃኒት፣ የሟች አክስታችን ተዝካር፣ ለኪዳነ ምሕረት ጃንጥላ፣ በር ላይ ለሚቀመጡት ነዳያን በየበዓሉ ዳቦ።

ነገሩ የገባው ለእኔ ነው። ወረቀቱ «ሊነፍሲ» ይላል፤ በዐረብኛ «ለራሴ» ማለት ነው። እህቴ ግን ቋንቋውን ወጥ ቤት ውስጥ ተማረችው እንጂ ጆሮዋ የፈረንሳይ ለጋሲዮን ነው። የሰማችው «ለነፍሴ» የሚለውን ነው። እኛ ደግሞ ለነፍሴ ብለን የምናደርገው ነገር ሁሉ የሚደረገው ለሌላ ሰው ነው! አንድ ቃል፣ ሁለት ወንድማማች ቋንቋ፣ ፍቺው ፊትና ጀርባ። በእህቴ በኩል ለተማሪዋ አስረዳኋት፤ እህቴ የራሷን ስሕተት ራሷ እያስተረጎመች መሆኗ ነው። ልጅቷ ላጲስ አነሳች። «እንግዲያው ላስተካክለው? ለራስሽ ማለቴ ነበር፤ ለመዝናናትሽ፣ ለደስታሽ።»

«አታጥፊው» አለች እህቴ። «የጠየቅሽኝ ይህንኑ ነው።»

ድምሯ ከ33 27 ሆነ። የእኔ፣ ጡረተኛው፣ ማንም የማያዘኝ፣ ጠዋት ጋዜጣ ማታ ዜና የምከታተለው ሰው፣ 15። የተማሪዋን ጠየቅኳት፤ ሳቀችና ሲኒዋን ወዘወዘች።

እንዲህ ያለ ነገር አግኝቼ ዝም ማለት አልችልም፤ ማታውኑ ለእናቴ ደወልኩ። «እማዬ፣ ጥያቄ ልጠይቅሽ።» «ጸበሉን ያዝክ?» «እይዛለሁ። በአንድ መደበኛ ሳምንት ውስጥ…» «የትኛው ሳምንት? ሚካኤል ያለበት ነው ኪዳነ ምሕረት?» ለእናቴ ሳምንት የሚባለው ነገር ከ12 እስከ 16 ነው፣ ከ16 እስከ 21፤ ሰኞ ማክሰኞን የሚቆጥረው ቢሮ ያለው ሰው ነው። የውኃ ቀን ያለችዋን ጎረቤት አስታወስኩ።

ጉልበት ስለሚሰጠውና ስለሚወስደው ስጠይቃት ትንሽ ዝም አለች። እናቴ እኛን ያሳደገችው ከእንጦጦ እንጨትና ቅጠል ተሸክማ ነው። ገና ሳይነጋ ትወጣለች፤ ጫካ ጠባቂ ሳያያት ትለቅማለች፣ 30 ኪሎ የሚሆነውን ሸክም ጎባጣ ወገቧ ላይ አስራ ትወርዳለች። ብዙ የሰፈራችን ሴቶች እንዲህ ነበሩ፤ ዛሬም አሉ። «እንጨቱማ ይወስዳል እንጂ ምን ይሰጣል» አለች። ከዚያ ደግሞ «ስንወርድ ግን እናወራ ነበር። ማረፊያዋ ድንጋይ ጋ ሸክሙን አስደግፈን፣ አንዷ ቆሎ ታወጣለች… ውይ ስንስቅ! እሱንስ የት ይጽፉታል?»

የት እንደሚጽፉት አልነገርኳትም። ያሰብኩት ዳገቱን ነው። በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ የእንጦጦ ፓርክ ተከፍቷል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ሰው በመኪና መጥቶ በባሕር ዛፉ መሐል ይናፈሳል። ሯጮቻችን ማለዳ ላይ እዚያው ይለማመዳሉ። ያው አንድ ዳገት ለአንዱ መዝናኛ፣ ለአንዱ ሥራ፣ ለእናቴ ግዴታ ነው። መጠይቁ ዳገቱን ጠይቆ አያውቅም፤ የወጣውን ሰው ነው የሚጠይቅ። ለዚህ ለዚህ ስዊድኖቹን አመሰግናቸዋለሁ። የምከራከራቸው «ለራሴ» እና «ለሌሎች» የሚሉትን በአንድ ሚዛን ሁለት ወገን ስላስቀመጡ ነው። እናቴ ያን ጭራሮ ለማን ተሸከመችው? ለእኛ ብላ ትመልሳለች ብዬ ነበር፤ ጠየቅኳት። «ለራሴ ነዋ! እናንተ ስትራቡ ማን ነው የሚያመው?» አለችኝ።

ወረቀቱ አንድ ሌላ ሥርዓት አለው። ያው ሰው ሁለት ሳምንት ገደማ ቆይቶ ያንኑ መጠይቅ ይደግማል፤ ኑሮው ካልተለወጠ መልሱም ብዙ መለወጥ የለበትም፣ ከተለዋወጠ ጥፋቱ የመጠይቁ ነው ማለት ነው። ተማሪ ስፈትን በኖርኩበት ዘመን ይህን ባውቅ ስንት ፈተና እቀድድ ነበር።

ሁለት ሳምንቱ ሲሞላ እኔ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ገብቼ፣ ጸበሉን ለእናቴ አስረክቤ፣ በቅጠል ጢስ እየነቃሁ ነበር። እህቴ አርብ ማታ ደወለች። ተማሪዋ ቃሏን ጠብቃ መጥታለች፣ ሁለቱን ሲኒ ሳትወዘውዝ ጠጥታ በረካውን ራሷ ጠይቃለች፣ ወረቀቱንም ደግማ አስሞልታታለች። «ለነፍሴ» ያለችው አልተለወጠም። ድምሩ ግን 26 ሆኗል።

«አንዷ ነጥብ የት ሄደች?» አልኳት።

«አንተ ጋ ናት፣ ጋሽዬ» አለችኝ። ወረቀቷ ያው ከቁጥር አይገባም፤ ዐረብኛ የአፍ መፍቻዋ አይደለም።